አባባ መርፌውን እሺ ያሉበት ቀን

ሰኞ፣ ኅዳር 9

አልሐምዱሊላህ፣ ይህም ቀን አለፈ።

ጠዋት አባባ ጣና ዳር ቁንዝላ ላይ ከሚሠሩት ጀልባ ወደቁና የጎን አጥንታቸው ተሰበረ። እስከ ባሕር ዳር ድረስ መኪናው በነጠረ ቁጥር እጄን ጭምቅ ያደርጉ ነበር እንጂ አንዴም አልጮኹም። ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ግን የማስታገሻ መርፌውን እንቢ አሉ። እኔም ተቆጣሁ። "በሕመም ላይ ደግሞ ኩራት!" አልኋቸው። አሁን ሳስበው አፈርሁ።

ነርሷ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። "አባባ፣ ምን ፈርተው ነው?"

"ያኔ እግሬ ሲሰበር ይህንኑ ወግተውኝ ሲያስመልሰኝ ዋለ። ዛሬ በዚህ ጎኔ ቢያስመልሰኝ አልችለውም።"

ልጃቸው ሆኜ ይህን አላውቅም ነበር።

"እንኳን ነገሩኝ" አለች። "ብዙውን ሰው አያስመልሰውም። እርስዎን እንደሚያስመልስዎት ካወቅን ግን የማቅለሽለሽ መከላከያ አስቀድመን እንሰጥዎታለን። ማስታገሻውንም በዝግታ ነው የምሰጥዎት፤ ካቅለሸለሸዎት ወዲያው አቆማለሁ።"

ሐኪሙን ጠይቃ ተመለሰች። አባባ ክንዳቸውን ዘረጉላት። ቀስ እያለች ስትሰጣቸው ዓይኗን ከፊታቸው አላነሳችም። እኔ ሳህን ይዤ ቆሜ ጠበቅሁ፤ ምንም አልመጣም። በኋላ አባባ ትንፋሻቸው ረጋ አለና "አላህ ያክብርሽ፣ ልጄ" አሏት።

ወደ ማታ እናቴ ከቁንዝላ ደወለች። "እውነቱን ንገሪኝ፣ በሕይወት አለ?" አለችኝ። ስልኩን አባባ አፍ አጠገብ አድርጌ ማንኮራፋታቸውን አሰማኋት። ሳቀች። ከዚያ ስታለቅስ ተሰማኝ፤ እኔም አብሬያት አለቀስሁ።