የሁለት ጎዶሎ ቁጥሮች ድምር

ለወንድምዓለም፣

እንደምን ከረምክ? እኔም እማዬም ጤናችን ደህና ነው፤ የጎደልከን አንተ ብቻ ነህ።

ክፍል ውስጥ ስለ ቁጥሮች ባሕርይ ማረጋገጥ ጀምረናል። ሁለት ጎዶሎ ቁጥሮች ሲደመሩ ሁልጊዜ ለሁለት እንደሚካፈሉ አሳዩ ተባልን። እኔ ሦስትና አምስት ስምንት፣ ሰባትና ዘጠኝ አሥራ ስድስት እያልኩ ገጹን ሞላሁት። መምህራችን ግን «ልጄ፣ የፈለግሽውን ያህል ምሳሌ ብትደረድሪ ማረጋገጫ አይሆንም» አለኝ።

እማዬም እንደኔው ነች። ፖስተኛው በራችንን አልፎ በሄደ ቁጥር «አምናም እንዲሁ ጠፍቶ ጠፍቶ ጽፏል፤ ሥራ ሲበዛበት ልማዱ ነው» ትላለች። መምህሩ ያለኝን አልነገርኳትም። ዛሬም አልጋህ ላይ ንጹሕ አንሶላ አንጥፋለች።

አሁን በፊደል መሥራት ተምሬያለሁ። ለተለያዩ ቁጥሮች የተለያየ ፊደል መስጠት ግዴታ ነው፤ አለዚያ ሁለቱ አንድ ዓይነት ቁጥር ብቻ ይሆናሉ። ይኸውልህ የኔ ሥራ፦ አንዱ ጎዶሎ ቁጥር 2ሀ + 1፣ ሌላውም 2ሀ + 1፤ ድምራቸው 4ሀ + 2፤ ስለዚህ ለሁለት ይካፈላል።

አየኸው አይደል? አውቄ ነው የተውኩት። የፀጉር ቤቱን ታፔላ ሳይቀር በከሰል ያረምክ ሰው ስህተት አይተህ ዝም ማለት አይሆንልህም። ሌላ ምንም አትጻፍ፤ ስህተቷን ብቻ በቀይ አክብበህ ወረቀቱን መልስልኝ። እማዬ ሂሳቡ ባይገባትም የእጅህን መስመር ታውቀዋለች።

ናፍቆታችን ከወረቀቱ ቀድሞ ይድረስህ።

እህትህ፣ ችኩሏ