የወንድሜ የከረንቡላ ዱላ

ሞጣ፣ ቅዳሜ ጥር ፲፯ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ዛሬ ከቢቸና የመጣሁት የሟቹን ወንድሜን የከረንቡላ ዱላ ልወስድ ነበር። ወንድሜ ከረንቡላ ተጫውቶ የሚያድር፣ ስሙ አዲስ አበባ ድረስ የታወቀ ሰው ነበር። ዱላውን አስመራ በቁመቱ ልክ አሠርቶ፣ በወፍራሙ ጫፍ «ታደሰ» ብሎ አስቀርጾበታል። ባለፈው ሳምንት አንድ የሆቴል ባለቤት እኔ ዘንድ መጥቶ፣ «እንጨት የትም አለ፤ እኔ የምገዛው ስሙን ነው» አለኝ። ክረምቱ ሳይገባ የእናቴን ቤት ቆርቆሮ ላለብስላት አስቤ ተስማማሁ።

እናቴ ግን በተዝካሩ ዕለት ዱላውን ከልብሱ ጋር ለንስሐ አባቱ ሰጥታቸዋለች። «ለነፍሱ ብዬ ነው» አለችኝ። እሷን ምን እላታለሁ?

አባ ዘንድ ሄድኩ። ዱላውን ራሱ ላይ መደገፊያ አስገጥመው መቋሚያ አድርገውታል። ይሁን፣ ይነቀላል ብዬ ወደ ስሙ አየሁ። «ታደሰ» የሚለው ተፍቆ ጠፍቷል። በቦታው «ወልደ ሚካኤል» ተቀርጿል።

«በዓለም ስሙ ጸሎት አይደረስለትም፣ ልጄ» አሉኝ ደስ ብሏቸው። «አሁን ማኅሌት በቆምኩ ቁጥር የክርስትና ስሙን እያየሁ አስበዋለሁ።»

መስቀላቸውን ተሳልሜ አመሰገንኳቸው። ሌላ ምን አደርጋለሁ? እሱኑ እየተደገፉ እስከ ደጅ ሸኙኝ።

የሆቴሉ ባለቤት ዱላውን ሊወስድ ሰኞ ቢቸና ይመጣል። ወልደ ሚካኤል የሚባል ከረንቡላ ተጫዋች ከእግዚአብሔር በቀር ማን ያውቃል?