ለማይጎነብስ ወገብ የተፈረደ ፍርድ

ለክቡር አቶ ምሥጋናው ዓለምብርሃን
የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህርና የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሰብሳቢ
ደባርቅ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የደባርቅ ብርድ ወገብዎን እንዳልያዘው ተስፋ አደርጋለሁ። ሲቀመጡ ጉልበትዎ እሺ ይበልዎ፤ ሲነሡም ማንም ከኋላዎ አያጨብጭብብዎ። ይህን ምርቃት ዋጋውን ከምታውቅ ሰው እንደተላከ ይቀበሉልኝ። ደብዳቤዬንም በአደባባይ ማውጣቴን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ እርስዎም የእኔን እገዳ ያነበቡት በሰልፍ ላይ፣ በድምፅ ማጉያ፣ በተማሪዎቼ ፊት ነበር።

ለማያውቁን አንባቢዎች፦ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፤ ከክፍሌ ታግጄ ዳባት እናቴ ቤት ተቀምጫለሁ። የምጽፈው ክፍሌ እንዲመለስልኝ ነው። ምስጋና ግን ይቀድማል።

1ኛ. በወላጆች ቀን ስላከበሩኝ አመሰግናለሁ። የደብሩ አለቃና የከተማው ሽማግሌዎች ወደ አዳራሹ ሲገቡ ሰው ሁሉ ተነሥቶ እጅ ሲነሣ እኔ ብቻ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ሆዴና ወገቤ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥረው አላነሣ ብለውኝ ነበር። እርስዎም በማይክሮፎን «መምህርት ሰብሌ፣ ወንበሩን ካርታ አውጥተሽበታል እንዴ?» አሉ። የአዳራሹ ሳቅና የማጉያው ፉጨት አንድ ላይ ሲመጡብኝ ገላዬ ተገትሮ እንደ መብራት ምሰሶ ተገነደስኩ፤ እጄ እንኳ ቀድሞ ሊያድነኝ አልተዘረጋም። በማግስቱ «ጠጥታ ነው» የሚለው ወሬ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ደርሶ ጠበቀኝ። ከማን አፍ እንደወጣ አልጠይቅዎትም፤ ትሕትናዎ ስምዎ እንዲነሣ እንደማይፈቅድ አውቃለሁ።

2ኛ. ለሕክምና ሳይንስ ስላበረከቱት ግኝት አመሰግናለሁ። ጎንደር ያለችው የነርቭ ሐኪም ሕመሜን ያወቀችው ከብዙ ምርመራ በኋላ ነው፤ እኔም አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሚኒባሱ ክላክስ ባደረገ ቁጥር በተሳፋሪው ላይ እየተገተርኩ ተመላልሻለሁ። እንደነገረችኝ ከበሽታ ሊጠብቀኝ የሚገባው የሰውነቴ መከላከያ ተሳስቶ የገዛ ራሴን የነርቭ ሥራ ይወጋል። ጡንቻን «በቃ፣ ልቀቅ» የሚለው ትእዛዝ ይዳከማል፤ ድንገተኛ ድምፅ ወይም ድንጋጤ ሲጨመርበት መላ አካሌ ይደርቃል። ጥቂት ሰው ብቻ የሚይዝ ሕመም ነው። ማስረጃውን ለኮሚቴው ሳቀርብ ግን እርስዎ ከወንበርዎ ሳይነሡ «ሲጮኹብሽ ብቻ የሚመጣ በሽታ ስሙ ኩራት ይባላል» ብለው ገላገሉኝ።

3ኛ. በቃል ብቻ ሳይወሰኑ በተግባር ስለመረመሩኝም አመሰግናለሁ። ቆሜ ስናገር ከኋላዬ ዞረው ጠረጴዛውን በመዳፍዎ መቱት። ወደቅሁ፤ የፊት ጥርሴ ተሰበረ። «አያችሁ? መውደቅ ትችላለች፤ መጎንበስ ግን አትችልም» አሉ። የኮሚቴው አባል መምህር የኔሰው መሐረቡን አቀበለኝ፤ እንድታገድም በዚያው እጁ ድምፅ ሰጠ። ለሁለቱም ውለታው እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

4ኛ. ከሁሉ በላይ ስለ ምሕረትዎ አመሰግናለሁ። በአገራችን ሰው የገደለ ወይም ከባድ በደል የፈጸመ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ የተበዳዩን ጉልበት ይስማል። ደም ያደረቀ ወግ ስለሆነ አከብረዋለሁ። እርስዎ ግን ለአንድ ያልተነሣ ወገብ አዘዙት፤ ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ድንጋይ ተሸክሜ፣ በተማሪዎቼ ፊት ጉልበትዎን ብስም ክፍሌ ይመለስልኛል። መልእክቱን ይዘው የመጡት አያ ገብረ ሚካኤል ቅን ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ጎንበስ ብትይ ምን ይጎድልብሻል?» አሉኝ። እናቴ ገበያነሽ መለሰችላቸው፦ «አያ ገብረ ሚካኤል፣ ጫማዋን የማስርላት እኔ ነኝ። መጎንበስ ብትችል ከእሱ ጉልበት በፊት የራሷን ክር ታስር አልነበረም?» ሽማግሌው እግሬን አዩ። ተነሥተው ወጡ፤ ድንጋዩንም ዳግመኛ አላነሡብኝም።

ክቡር ሆይ፣ ውሳኔዬን ላሳውቅዎ። ሰኞ እመጣለሁ። የምይዘው ጠመኔ እንጂ ድንጋይ አይደለም፤ የምቆመውም ሰልፉ መካከል ሳይሆን ክፍሌ በር ላይ ነው። እንዳልገባ ካገዱኝ በሩ ላይ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ «ቲቸር ሮቦት» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ሆኖም ማንም ሳያዛቸው በሩን ቀስ አድርገው መዝጋት፣ ወንበር ሳይጎትቱ መነሣት ተምረዋል። እርስዎ ዘንድ ግን ትምህርቱ ገና አልደረሰም፤ የኋላ ወንበር አስይዝልዎታለሁ፤ ሲገቡ እንዳያንኳኩ ብቻ አደራ።

ስትቆምም ስትወድቅም የእርስዎን ቸርነት ዘንግታ የማታውቅ፣ ለጤናዎ በታላቅ ጸጥታ የምትጸልይ፣ በጎደለ ጥርስ ሰፊ ፈገግታ የምታቀርብልዎ፣

ሰብሌ ያርጋል
የባዮሎጂ መምህርት፣ ዳባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሐኪሟ ያዘዘችልኝ መድኃኒት መሥራት ጀምሯል። ትናንት የጫማዬን ክር ራሴ አሰርኩ፤ እናቴ አለቀሰች። ስለዚህ ሰኞ ፊት ለፊት ስንገናኝ ሳልጎነብስልዎ ቢያዩኝ፣ እባክዎ በሕመሜ አያሳብቡ።