ባለገመዱን ስልክ ሰክቼልሻለሁ

የአብስራ፣

በገመድ አልባው ስልክ ከእንግዲህ አታውሪ። ባለገመዱን ሰክቼልሻለሁ፤ ይሠራል።

ትናንት ከሥራ ስገባ ዳቦ ልገዛ ከቤታችን ሥር ሀይረዲን ሱቅ ቆምኩ። ሊደውል ስልኩን ሲያነሳ ያንቺ ድምፅ ወጣ። ድምፅ ማጉያው ክፍት ነበር፤ ሰው ተሰልፏል።

"ጋዲሴ እኮ አትወልድም፤ ቀነኒሳ የተዋት ለዚያ ነው" ትያለሽ ለእህትሽ።

ሀይረዲን ቶሎ ዘጋው። "ይሄ ዕቃ ደግሞ ተበላሸ" አለና ሳይቆጥር ዳቦ ሞላልኝ።

አልተበላሸም። አብራችሁ ከመርካቶ የገዛችሁት አንድ ዓይነት ስልክ ነው፤ የእሱ የእኛን ንግግር ይይዛል። እንዳልሳሳት ዛሬ ጠዋት ሚስቱን ናዕማን የሱቁን ስልክ አስይዤ ከቤት ለአክስቴ ደወልኩ። ስወርድ ያልኩትን ሁሉ ቃል በቃል ደገመችልኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ታዲያ ለምን ትሄጃለሽ፣ እህቴ?" አለችኝ።

አቃቂ አክስቴ ጋ ነኝ። አትከተይኝ።
ቁልፉ የስኳሩ ቆርቆሮ ውስጥ ነው፤ ለሀይረዲን ልሰጥ ዓይኑን ማየት አልቻልኩም።

የእናትሽን ሕመም በባለገመዱ ብቻ አውሪ። እኔ ለማንም አልተናገርኩም።

የእኔን ጉዳይ ስነግርሽ በስልክ አልነበረም። በሩን ዘግቼ፣ እጅሽን ይዤ ነበር።

ጋዲሴ