በጃንዋሪ የተናገርኩት

ጃንዋሪ 14

ዝናብ። አውቶቡሱ ዘገየ። ጫማዬ እንደራሰ ስብሰባ ገባሁ።

ሪፖርት የማቅረብ ተራው የእኔ ነበር። በዚህ የቡሽ ፋብሪካ የደኅንነት ተቆጣጣሪ ከሆንኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት... ዛሬም ሰው ፊት መናገር አልለመድኩም። የመቀቀያ ገንዳውን ነገር ነበር ማስረዳት የፈለግኩት። ቡሽ የሚሠራበትን የዛፍ ቅርፊት ወደ ፈላው ውሃ የሚያወርደው ሰንሰለት ሳስቷል። ሦስት ቀለበቶች። ራሴ ለክቻቸዋለሁ። አንድ ቀን ይበጠሳል። ይህን ለማለት ስንት ቃል ይፈጃል? እኔ ግን አንገቴን ወረቀት ላይ ደፍቼ ቁጥር በቁጥር ላይ ስከምር ቆየሁ።

ሩይ፣ የሽያጭ ክፍሉ፦ «ኦዴቴ፣ ንስሐ እየገባሽ ነው እንዴ? እኛም እንስማ እንጂ።»

ሳቁ። ሥራ አስኪያጁ ኢንጂነር ቴልሞ ከስልኩ ቀና ሳይል «ጥሩ፣ ጥሩ። ለሌላ ጊዜ እናቆየው» አለ። አለፉ።

ሰንሰለቱ ይበጠሳል ብዬ ይሆን? ብያለሁ። በደንብ ባይወጣም ብያለሁ።

ጃንዋሪ 22

የደኅንነት ክፍላችን ኃላፊ ጡረታ ሊወጣ ነው። ቦታውን ለመጠየቅ ቴልሞ ዘንድ ገባሁ።

«ሥራውንማ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም» አለኝ። «ግን ኃላፊ ማለት ሰው ፊት ቆሞ የሚናገር ነው። እዚያ ላይ... አንቺም ታውቂዋለሽ።»

አውቀዋለሁ። እናቴ «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» ትል ነበር። ሹመትም አይገባም ለካ።

ፌብሩዋሪ 3

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ በየሰኞው የንግግር ትምህርት አለ። ተመዘገብኩ። ሰባት ነን። አስተማሪው ባልታዛር ይባላል፤ ጡረታ የወጣ የሬዲዮ ዜና አንባቢ፣ ሰባ አንድ ዓመቱ። ገና ስጀምር ወረቀቴን ቀማኝ።

«ለማን ነው የምትነግሪው?»

«ለስብሰባው።»

«ስብሰባ ጆሮ የለውም። አንድ ሰው ምረጪ።»

አማዴውን መረጥኩ። ገንዳው ላይ የሚሠራው እሱ ነው። ሚስቱ ፊሎሜና አብሮ አደጌ ናት፤ አንድ መንገድ ላይ ነው ያደግነው። ዓይኔን ጨፍኜ «አማዴው፣ ይህ ሰንሰለት አንድ ቀን ይበጠስብሃል» አልኩ።

«አሁን ተሰማሽ» አለ ባልታዛር።

ፌብሩዋሪ 17

ሳልርበተበት አራት ደቂቃ ተናገርኩ። ስለ ጎመን ሾርባ አሠራር። አጨበጨቡልኝ። መንገድ ላይ ብቻዬን ስስቅ ሰው አየኝ።

ፌብሩዋሪ 27

ዛሬ ቴልሞን ኮሪደር ላይ ብቻውን አገኘሁት። ስለ ሰንሰለቱ ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ተውኩት። ማርች 10 ስብሰባ አለ። ሁሉም ባሉበት፣ ቆሜ፣ አሳምሬ ልበለው... ኮሪደር ላይ ብነግረው ማን ያይልኛል?

ማርች 6

ተበጠሰ።

አማዴው ከሥር ነበር። የፈላው ውሃ ተረጭቶበት ሁለት እጁ፣ ደረቱ፣ አንገቱ ተቃጠለ። ጩኸቱ ቢሮ ድረስ መጣ። በሄሊኮፕተር ሊዝቦን ሆስፒታል ወሰዱት። ፊሎሜና ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ ነው ተከትላ የሄደችው።

ስብሰባው አራት ቀን ቀርቶት ነበር። አራት ቀን።

ማርች 9

በሕይወት አለ ይላሉ።

ማርች 20

የፋብሪካው ባለቤቶች ከፖርቶ መጡ። «ስለ ደኅንነት የሚያስረዳን ማነው?» አሉ። ተነሳሁ። ያለ ወረቀት አሥራ ሁለት ደቂቃ። የት ላይ ዝም እንደምል፣ የት ላይ ድምፄን ዝቅ እንደማደርግ አውቄዋለሁ። አንዷ ባለድርሻ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። በሦስተኛው ቀን አዲስ ሰንሰለት ይገባል ተባለ።

ሩይ እጄን ጨበጠኝ። ቴልሞ «ይህን ሁሉ የት ደብቀሽው ነበር?» አለኝ።

የትም አልደበቅኩትም። ያው የጃንዋሪው ሪፖርት ነው። አንድ ቁጥር አልቀየርኩም።

ኤፕሪል 2

ተሾምኩ። በሩ ላይ ስሜን ለጠፉ። ባልታዛር ስልክ ደውሎ «አላልኩሽም?» አለኝ። ክፍሉ መስኮት አለው፤ ገንዳው ይታያል። መጋረጃ አሰቀልኩ።

ኤፕሪል 24

የመንግሥት የሥራ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ስለ አደጋው በሚቀጥለው ሳምንት ምስክር ይሰማል። ቴልሞ ጠርቶኝ በሩን ዘጋ።

«በጃንዋሪ ምን እንዳልሽ የሰማ ሰው የለም። እኔም አልሰማሁም፤ እውነቴን ነው።»

«ብያለሁ።»

«ማጉረምረምም መናገር ነው? ዋሺ አላልኩሽም፣ ኦዴቴ። ‹ማስጠንቀቂያው በግልጽ አልቀረበም› በይ። አልቀረበማ። ፋብሪካው ቢዘጋ ሰማንያ ሰው ነው ሜዳ ላይ የሚቀረው። ደግሞ አንቺን ሰው ያምንሻል። አነጋገርሽ ሌላ ሆኗል።»

ሰማንያውን ሰው አሰብኩ። አዎ፣ አሰብኩ። ግን ይበልጥ ያሰብኩት በሩ ላይ ያለውን ስሜን ነው። ለራሴም ልዋሽ?

ኤፕሪል 29

አልኩት። ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ። «ማስጠንቀቂያው በግልጽ አልቀረበም።» አንድም ጊዜ አልተንተባተብኩም። ከእኔ ቀጥሎ ቴልሞ ተነስቶ አማዴው ከጭነት ሥር መቆም እንዳልነበረበት አስረዳ። ጥፋቱ ቀስ እያለ ወደ አማዴው ሲሄድ ቁጭ ብዬ አየሁ።

ፊሎሜና የኋላ ወንበር ላይ ነበረች። ስወጣ ደረጃው ላይ ጠበቀችኝ።

«ቆንጆ ተናገርሽ» አለችኝ። «ከኋላ ሆኜ እንኳ አንዲት ቃል አላመለጠችኝም።»

ምነው በሰደበችኝ።

ሜይ 11

ባልታዛር ቤት ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኩት፤ የኮሪደሩንም ጭምር። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። ቡና ቀድቶ ከፊቴ አስቀመጠ።

«እኔም ሠላሳ ዓመት በሬዲዮ የተሰጠኝን አነበብኩ» አለ። «አምባገነኑን መንግሥት ከጣለው አብዮት በፊትም፣ በኋላም። ድምፄን ሁሉም ሰው ይወደው ነበር።»

በሩ ድረስ ሸኘኝ።

ሜይ 13

ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፍኩ። ስድስት መስመር። ሦስት ጊዜ ፖስታ ቤቱን አልፌ ሄድኩ፤ በአራተኛው ገባሁ።

ሜይ 27

ጠሩኝ። ቃሌን የምትቀበለው አንዲት ልጅ እግር ሴት ናት፣ ጠረጴዛዋ በፋይል የተሞላ። የተማርኩት ሁሉ ጠፋኝ። የት ልቁም፣ የት ዝም ልበል... አንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ጀመርኩት። ተስፋ ቆርጬ ወረቀቷን አየሁ።

ብዕሯን አስቀመጠች። «ቀስ ብለው ይንገሩኝ። ጊዜ አለን።»

ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ሰንሰለቱን፣ ቴልሞ በሩን መዝጋቱን፣ ኤፕሪል ላይ ያልኩትን። ፌብሩዋሪ 27 ለምን ዝም እንዳልኩም ነገርኳት። «ለሹመት ብዬ ነው» አልኳት። ይህንንም ጻፈችው። ሳታዳላልኝ።

አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ጊዜ አለን ያለኝ ሰው ግን ከዛሬ በፊት ትዝ አይለኝም።

ጁን 5

ቴልሞ ሰላም አይለኝም። ሩይ ብቻ ኮሪደር ላይ ጠጋ ብሎ «መናገር አስተማሩሽ፤ ዝም ማለት ሳያስተምሩሽ ቀሩ» አለኝ።

የተገላቢጦሽ ነው፣ ሩይ። ዝምታውንማ ከማንም በላይ እችልበት ነበር።

ጁን 18

ውሳኔው ወጣ። ጥፋቱ የፋብሪካው ነው። አማዴው ዕድሜ ልኩን ይካሳል። የቀኝ እጁ ጣቶች ግን አይታጠፉም። ፋብሪካው አልተዘጋም፤ ሰማንያውም ሰው ሥራው ላይ ነው። ቦታዬ ለሩይ ተሰጠ። ደህና ተናጋሪ ነው። እኔን መለያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡኝ፤ ደህናውን ቡሽ ወደ ግራ፣ የተበላውን ወደ ቀኝ። ቀኑን ሙሉ የሚያናግረኝ የለም።

ከሥራ ስወጣ እነ ፊሎሜና ቤት ሄድኩ። ብርቱካን ይዤ። በሩን ከፈተች። ግቢም አላለች፣ ሂጂም አላለች።

«በጃንዋሪ ተናግሬ ነበር» አልኳት። «ከዚያ አቆየሁት። ከዚያ ደግሞ ካድኩ።»

«አውቃለሁ። የውሳኔው ወረቀት መጥቶልናል።»

«አማዴው...»

«ተኝቷል።»

ከውስጥ ድምፁ መጣ። «ፊሎሜና፣ ማነው?»

አየችኝ። ብዙ አየችኝ። ብርቱካኑን ከእጄ ተቀበለች።

«ማንም አይደለም» አለችው። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።