ሐጂ የረሱት ስም

ሐሙስ፣ ጥር 14 ቀን 2001፣ ሐረር

ዛሬ የሐጂ ባለቤት ከጀጎል ድረስ በእግራቸው ሸዋ በር ስቱዲዮዬ መጡ። ሐጂ ካረፉ ገና ወራቸው ነው። እኔ የሠራሁትን የሴት ልጃቸውን ሰርግ ቪዲዮ ሲዲ በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘዋል።

«ልጄ፣ ሐጂ ሲመርቁ ዱዓው ላይ የሙሽራው ስም ጠፍቷቸው፣ እኔ ከሴቶቹ በኩል ያስታወስኳቸው የታለ? ‹አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር!› ብለውኝ ሰው ሁሉ ስቆ ነበር እኮ።»

የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ለሐጂ ክብር ብዬ። ከመርሳታቸው በፊት ያለውንና በኋላ ያለውን በዲዞልቭ አያያዝኩት፤ አንዱ ምስል ቀስ ብሎ ሲደበዝዝ ሌላው ይተካል፣ መገጣጠሚያው አይታወቅም። ያን ቀን እንዴት ኮርቼበት ነበር!

ሰርጉ የተቀረጸበት ካሴት ላይ ደግሞ ሌላ ሰርግ ቀርጬበታለሁ። የቆረጥኩት ክፍል አሁን የትም የለም።

«እፈልገዋለሁ፣ እማማ» አልኳቸው።

«አላህ ኸይርህን ይክፈልህ። ጁምዓን ላሳልፍና ቅዳሜ እመጣለሁ።»

ከሄዱ በኋላ ያቺን ቦታ ደጋግሜ አየኋት። ሐጂ ምንም ሳይደናቀፉ ይመርቃሉ፤ ስሙንም አይረሱም። ማንም አያስታውሳቸውም።