ሐኪሙ ለቄሱ ያስረዳው

ለተከበሩ እናቴ፣

የኒሯቅ ሙቀት እንዴት አደረገዎት? ጉልበትዎስ ተሻለው? እኔ ሰቆጣ በሕይወት አለሁ። ስልኩ በባለቤቴ በቄሱ እጅ ስለሆነ ነው የምጽፈው። ራስዎ ያንብቡት፤ ለሌላ ሰው አያስነብቡ።

አማቴ እመት የትናየት አምስት ዓመት ሙሉ ሲሉኝ የኖሩትን ያውቃሉ። ባለፈው ወር ሰው በተሰበሰበበት «ከዚህች መካን ጋር ከምትደርቅ ጥምጣምህን አውልቀህ የምትወልድ አግባ» አሉት። ባለቤቴ ቄስ በዛብህ «ክህነቴንም ሚስቴንም አልተውም» ብሏቸው ተነሣ። በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰደኝ።

ሐኪሙ ከደሴ ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። ብቻዬን አስገብቶ «ከዚህ በፊት አርግዘሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። ለሕክምናው ነው ብዬ እውነቱን ነገርኩት። ከዚያ ቄሱን ጠራው። ክፉ አላሰበም፤ ሊያጽናናው ነው። «አባታችን፣ መካን አይበሏት። መካን የሚባለው ጨርሶ መውለድ የማይችል ነው። ዓመት ሞክሮ ፅንስ አለመያዝ ሌላ ነው፤ ይታከማል። እሱም ሁለት ዓይነት ነው፤ አርግዛ የማታውቅ የመጀመሪያ ደረጃ፣ ቀድሞ ያረገዘች ሁለተኛ ደረጃ እንላለን። ደረጃ ስንል የሕመሙን ክብደት አይደለም። የእርሷ ሁለተኛው ነው፤ እንዲያውም ደስ ይበልዎት» አለው።

ቄሱ አመስግኖ ወጣ። ቤት ስንገባ «መቼ?» አለኝ። «ሳታገባኝ፣ በአሥራ አምስት ዓመቴ» አልኩት። «ማን?» አለኝ። ስሙን አልነገርኩትም። «እናትሽ ያውቃሉ?» ሲለኝ አያውቁም አልኩት።

ካህናቱ ፊት «ልጄ ድንግል ናት» ብለው የማሉት እርስዎ ነዎት። «ለካህን አልሆንም፤ ለገበሬ ስጡኝ» ብዬ አልቅሼ ነበር። «ለሰው ሁሉ ወባ ታማ ነበር ብያለሁ፤ ወባ ነበር፤ አበቃ» አሉኝ።

ድንግል ያላገባ ካህን አይቀድስምና እሑድ ቄሱ ቅዳሴ አልገባም። ከምእመናኑ ጋር ውጭ ቆመ። አማቴ «ልጄን ምን ነካብኝ?» እያሉ ይዞራሉ። አልነገራቸውም። እኔንም አልሰደበኝም፤ አልመታኝም። መሬት ላይ ይተኛል።

ለሀገረ ስብከቱ ከማሳወቁ በፊት ቅዳሜ ወደ እርስዎ ይመጣል። መስቀሉን አውጥቶ ይጠይቅዎታል። አፋችን አንድ ይሁን ብዬ አልለምንዎትም። ስለ እኔ አንዴ ምለዋል፤ ይበቃዎታል። ያውቁ እንደነበር ይንገሩት። ማን ነው ካለዎትም ይንገሩት።

እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያበርታልዎት፤ ደጅዎን ይጠብቅልዎት። ለጎረቤቱ፣ ለዘመዱ ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ለአጎቴ ለካሤ ግን አያድርሱ።

ልጅዎ